በሁዳዴ ጅቡ ለምን አጥራችን ሥር መጣ?

የጣፎዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

እንዴት አመሻችሁ። በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ተቀምጦ መኪና ይሥላል። ነጭ፣ ጥርት ያለ መስመር ነው። «ጠመኔ ከየት አመጣህ?» ስለው «አጥሩ ሥር ብዙ አለ» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ክብ ክብ፣ ደረቅ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ነገር ነው። የዘበኛችን የጋሼ ሳቅ አልቆም አለ። «የጅብ አር ነው፤ እኛም ልጅ ሆነን ጽፈንበታል» አሉኝ። የልጁን እጅ ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈተግኩት።

ቤታችን ከኮተቤ አልፎ፣ ጣፎ ጫፍ ላይ ነው። ከኋላ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ገደል፣ ከዚያ ወንዝ። የጅብ ድምፅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከወንዙ ማዶ ሲጮህ እየሰማን ተኝተናል። ዘንድሮ ግን ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ቀርቧል። ዘወረደ ላይ ከወንዙ ማዶ ነበር። ቅድስት ላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። ይኸው ምኩራብ ላይ አጥሩን እየታከከ ነው።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። አሩ ለምን ነጭ ይሆናል? ደግሞስ ከጾሙ ጋር መቅረቡ እውነት ነው ወይስ እኔ ነኝ ያመጣሁት? ባሌ «ጾም ላይ ስለሆንሽ እንቅልፍሽ ቀሎ ነው» ብሎኛል።

ሻይ በሎሚ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ባልሽ ልክ ነው። ሽሮ ብቻ የበላ ሰው የጉንዳን ኮቴም ይሰማዋል። ጠመኔውን ግን እንዳትጥይው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ የዕቃ ዝርዝር ሲልክ ትገላገያለሽ።

መምህሩ ከአያት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መጀመሪያ ስለ ነጩ ነገር።

አጥንት ነው። ውሻ አጥንት ሲያገኝ ይግጣል፣ ቅልጥሙን ይልሳል፣ የቀረውን ይጥላል። ጅብ ግን ሰባብሮ ይውጠዋል። ጨጓራው አጥንቱ ውስጥ ያለውን ስብና ፕሮቲን አሟጦ ይወስዳል። ከዚያ የሚተርፈው የካልሲየም ማዕድን ብቻ ነው። ትኩሱን ብታዪው አረንጓዴ መሳይ ነው፤ ሲደርቅ ነው የሚነጣው። የትምህርት ቤቱ ጠመኔም የካልሲየም ውሁድ ነው። ስለዚህ ልጅሽ በኬሚስትሪ ብዙም አልተሳሳተም።

ፀጉርና ሰኮና ግን ለጅብም ይከብዱታል። ከፊሉን ጠቅልሎ ያስታውከዋል፤ ከፊሉ ከአሩ ጋር ይወጣል። ይህን ፀጉር ያዢልኝ፤ ለሁለተኛው ጥያቄሽ ያስፈልገናል። አሁን የማርመው ፈተና አለ፤ ነገ እመለሳለሁ።

የሌሊት ፈረቃ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 8፡12

እኔ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያላለቀ ሕንፃ እጠብቃለሁ። አንቺ አላመጣሽውም። ባለፈው ወር ከአንድ ሥጋ ቤት ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ጋ ነበር የሚያመሹት። ሥጋ ቤቱ ሁዳዴ ሲገባ ዘጋ። ሁለት ሌሊት ሰዓታቸውን አክብረው መጥተው ባዶውን ገንዳ ሲያሸቱ አየኋቸው። በሦስተኛው ሌሊት አልመጡም። አሁን በየኮንዶሚኒየሙ ሥር ይዞራሉ።

ይህን ስጽፍ አንዱ ከአሸዋው ክምር ማዶ ቆሟል። ባትሪ ሳበራበት ሁለት አረንጓዴ ዓይን ነው የማየው።

እትዬ ቡራዩ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ልጆች፣ እኔ በጾም ለኪዳን ስሄድ በ11 ሰዓት ሌሊት ነው የምወጣው። ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው። ትናንት አንዱ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ነጠላችንን አጣፍተን፣ «በስመ አብ» እያልን፣ ሳንሮጥ አለፍን። እሱም አየን፣ እኛም አየነው። እናቴ «ጅብ ፊት አትሩጪ፤ የሚሮጥ ሁሉ ለእሱ እራት ነው» ትለኝ ነበር።

መምህሩ ከአያት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ፈተናው ታርሟል። ውጤቱን አትጠይቁኝ።

ወደ ጾሙ ልመለስ። እህቴ፣ ያልሽው ነገር ተጠንቷል፤ ያውም እዚሁ አገር። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ ጅብ በዐቢይ ጾም ምን እንደሚበላ አጠኑ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ የሥነ ምህዳር ማኅበር የእንስሳት መጽሔት ላይ ታትሟል።

ዘዴው አር መልቀም ነው። ጾሙ ሲገባ ለቀሙ። ጾሙ ሲያልቅ ለቀሙ። ካለቀ ከ55 ቀን በኋላ ደግመው ለቀሙ። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ ፀጉር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። የአህያ ፀጉር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከበግና ከከብት ይለያል። አሩን አጥበው፣ ፀጉሩን ለይተው፣ ጅቡ የማንን ሥጋ እንደበላ አነበቡ። ልክ እንደ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ማለት ነው፤ ማን ምን እንደወሰደ ተጽፎበታል።

ጾሙ ሲገባ የአህያ ፀጉር ድርሻ 14.8 በመቶ ነበር። ጾሙ ሲያልቅ 33.1 በመቶ ደረሰ። ከዚያ ወደ 22.2 ወረደ።

ምክንያቱን የሌሊት ፈረቃ ከእኔ ቀድሞ በዓይኑ አይቶታል። በቅበላ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ያርዳል፤ አንጀቱም አጥንቱም ይጣላል። ሰኞ ሲነጋ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ከየቤቱ የሚወጣው ትራፊ ምስር ነው። ጾሙ የእኛ ነው፣ የሚራበው እሱ ነው። ሲርበው ወደ ቀላሉ አደን ይዞራል። ውጭ የሚያድር፣ የማይጋፋ፣ ዘበኛ የሌለው ማነው? አህያ።

ሻይ በሎሚ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡22

የጅብ አር በሳሙና አጥቦ ዲግሪ መቀበል! እናቴ ይህን ብትሰማ «አንተስ ምን አጠብክ?» ትለኛለች።

ባለ ሁለት አህያ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡48

ስሜ ውሸት ሆኗል። አሁን ባለ አንድ ነኝ።

የምሠራው ከለገዳዲ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ነው። እህል ወደ ወፍጮ ቤት፣ ውሃ በጀሪካን፣ አንዳንዴ ማገዶ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ሌሊት ውሾቹ ጮሁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ነው የደነገጥኩት። በረቱ ጋ ስደርስ ማገሩ በአንድ በኩል ተሰብሯል። አንዷ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ሌላዋ የለችም። ጠዋት ከቦዩ ውስጥ ጭራዋንና አንድ ሰኮና አገኘሁ። አጥንት የሚባል ነገር የለም። መምህር ያልከው እውነት ነው፣ ሙልጭ ነው ያደረጉት።

የልጆቼ ደብተር ከዚያች ጀርባ ነበር የሚወጣው። 33 በመቶ ያልከውን አነበብኩ። ከዚያ ውስጥ አንዷን እኔ አውቃታለሁ። ዳማ እንላት ነበር።

እትዬ ቡራዩ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡02

አይዞህ ልጄ። እግዚአብሔር ይተካልህ። ከብት የቤት ሰው ነው።

ሱሉልታ 44 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

እኔ የምለው፣ ይህን ሁሉ ጥናት ከማጥናት ለምን አያጠፏቸውም? ሰው በገዛ ሰፈሩ አምሽቶ መግባት አልቻለም። እኛ ጋ መፍትሔው ይታወቃል። ሥጋ ውስጥ [ተሰርዟል]

አወያይ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡41

የመርዝ ስምና አጠቃቀም እዚህ አይጻፍም። ክርክሩ ይቀጥል።

መምህሩ ከአያት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

ባለ ሁለት አህያ፣ ወንድሜ፣ አዝናለሁ። የትናንቱን ቁጥር ስጽፍ አንተ ታነበዋለህ ብዬ አላሰብኩም።

ሱሉልታ 44፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን አንድ ሌላ ጥናት ልንገርህ። ይህም የመቀሌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ። የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ሬሳና ትራፊ እንደሚያነሱ አሰሉ። ከጠቅላላው ትራፊ 4.2 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያ ሥጋ በአባ ሰንጋና በከብት ቲቢ የሞተ እንስሳም አለበት። ጅቦቹ ስለሚያነሱት በዓመት 5 ሰው፣ ከከብት፣ ከበግና ከፍየል ደግሞ 140 ከእነዚህ ሁለት በሽታዎች ይተርፋሉ ብለው ገመቱ።

መርዙ ደግሞ ጅብ መርጦ አይገድልም። ውሻው ይበላዋል፤ የሞተውን ውሻ አሞራ ይበላዋል። ህንድ አሞራዎቿን ያጣችው ለከብት በሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ነው። አሞራው ሲያልቅ ጥንቡን የወረሱት የጎዳና ውሾች ናቸው። ከውሾቹ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት መጣ።

ባለ ሁለት አህያ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡10

መምህር፣ አንድ ጥያቄ። በ207 ቶኑ ውስጥ የእኔ ዳማ ተቆጥራለች?

መምህሩ ከአያት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡26

አልተቆጠረችም። የተቆጠረው ሞቶ የተጣለው ነው።

ጥያቄህ ግን የዋዛ አይደለም። ጥቅሙን ከተማው በሙሉ ይካፈለዋል፤ ማንም ሳያውቀው። ጉዳቱ አንድ ሰው በረት ውስጥ ያድራል። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ እየኖርኩ ጅብን ማድነቅ አይከብደኝም።

ሻይ በሎሚ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

ነገሩ ከበደብኝ፣ ትንሽ ላቅልለው። መምህር፣ አያቴ «ጅብ ወንድም ሴትም ነው» ትል ነበር። ልጆች እንዳይሰሙ አድርገህ መልስልኝ።

መምህሩ ከአያት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡30

አያትህ ብቻዋን አይደለችም። ይህ ወሬ በጥንት ግሪኮች ዘመንም ነበር። አርስቶትል «ሐሰት ነው» ብሎ ጽፏል። እሱ ያየው ባለ መስመሩን ጅብ ሳይሆን አይቀርም። ወሬውን የሚያስነሳው ግን የእኛው ዥንጉርጉር ጅብ ነው።

የዥንጉርጉሩ ሴት አባለ ዘር ከውጭ ሲታይ የወንዱን ቁርጥ ነው። በእሱ ነው የምትሸናው፣ በእሱ ነው የምትገናኘው፣ በእሱ ነው የምትወልደው። የመጀመሪያ ወሊድ ከባድ ነው፤ ብዙ ልጆች ሲወጡ ታፍነው ይሞታሉ። የተረፉት ደግሞ ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርስ አብቅለው ነው የሚወለዱት። መንታ ከሆኑ በተወለዱበት ቀን መነካከስ ይጀምራሉ።

ሌላም አለ። በመንጋው ውስጥ ገዢዋ ሴቷ ናት። በምሥራቅ አፍሪካ ሴቶቹ ከወንዶቹ በ10 በመቶ ገደማ ይከብዳሉ። ልጅ የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል። ወንዱ ሲጎለምስ ተሰድዶ ሌላ መንጋ ይገባል፤ እዚያም ከሁሉ በታች ሆኖ ይጀምራል። የሚበላው ሌሎቹ ከጠገቡ በኋላ ነው።

ሻይ በሎሚ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡36

እንግዲያው «አያ ጅቦ» ስንል የኖርነው ተሳስተን ነው። «እትዬ ጅቦ» ናት! እሱማ አማቱ ቤት ገብቶ ጥግ የተቀመጠ ሙሽራ ነው።

ሱሉልታ 44 | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

ያም ሆነ ይህ፣ የውሻ ዘር ነው። ውሻ ደግሞ በዱላ ይመለሳል።

መምህሩ ከአያት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡00

ውሻ ይመስላል እንጂ ውሻ አይደለም። ዝምድናው ከድመት በኩል ነው፤ ከጥርኝና ከሙጭልጭላ ወገን። ጥርኝ ዝባድ እንደምትሰጥ ታውቃላችሁ። ጅብም ከጅራቱ ሥር እንደ ቅባት ያለ ነገር ያወጣል፤ ሣር ላይ እየቀባ ያልፋል። የእያንዳንዱ መንጋ ሽታ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ሽታውን የሚሠሩት እጢው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሳይሆኑ እንደማይቀር አሳይቷል። የጅብ መታወቂያ የሚያትመው ባክቴሪያ ነው ማለት ነው።

የሐረር ልጅ በፈረንሳይ | ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡15

እዚህ ሰፈር ጅብ ሲባል ሁሉም ይደነግጣል። እኔ ጀጎል ነው ያደግኩት። ግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ሆን ተብሎ የተሠራ። ማታ ይገባሉ፣ የሰፈሩን ትራፊ ይለቅማሉ፣ ይወጣሉ። ጅን ይበላሉ ስለሚባል የሚያባርራቸው የለም። ለአሹራ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል፤ ካልቀመሱት ዓመቱ አያምርም ይባላል።

ሥጋ በእንጨት ጫፍ ሰክተው በአፋቸው የሚያበሉትን ሰዎች ቱሪስት ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጠባብ መንገድ ላይ ሲያጋጥሙ ነው። ግድግዳ ተጠግተህ ትቆማለህ፤ እሱም በሌላው ግድግዳ በኩል ያልፋል። እንደ ጎረቤት።

ሱሉልታ 44 | ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡02

እናንተ ታበሉታላችሁ፤ እኛን ይበላናል። ልዩነቱ እሱ ነው።

የሐረር ልጅ በፈረንሳይ | ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡10

እሱን አልክድም። የጠገበ ጅብና የተራበ ጅብ አንድ አይደሉም።

የሌሊት ፈረቃ | ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 9፡33

መምህር፣ እስቲ ይህን አስረዳኝ። ሦስት ዓይነት ድምፅ ነው የምሰማው። አንዱ ረጅሙ ነው፤ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው፣ «ኡዉዉዉፕ»። አንዱ ማጉረምረም ነው። ሦስተኛው ሳቅ ነው። ሳቁ ሲመጣ ፀጉሬ ይቆማል። የሚስቀው በማን ነው?

መምህሩ ከአያት | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡15

በማንም። ሳቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያሰማው ከምግብ ላይ የተባረረ፣ የተጨነቀ ጅብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በርክሌይ የሚኖሩ 26 ጅቦችን ድምፅ ቀድተው መረመሩ። በድምፁ ቅጥነትና ውፍረት የጅቡ ዕድሜ ይለያል። ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ ደግሞ የበላይ ይሁን የበታች ይታወቃል። አንተ ሳቅ የምትለው «እባካችሁ ለእኔም አስቀሩልኝ» የሚል ነው።

ረጅሙ ጥሪ ነው። ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይሰማል፤ እያንዳንዱ ጅብም የራሱ አለው። እንዲያውም ይቆጥሩታል። ኬንያ ማሳይ ማራ ውስጥ ለጅቦች የማያውቋቸውን የሌሎች ጅቦች ጥሪ በድምፅ ማጉያ አሰሟቸው። አንዴ የአንድ፣ አንዴ የሁለት፣ አንዴ የሦስት። የእንግዳው ቁጥር ሲጨምር ጆሯቸውን አቁመው የሚያዳምጡበት ጊዜም ጨመረ። አንተ ባትሪህን ይዘህ ስትቆጥራቸው እነሱም እየቆጠሩህ ነው።

የሌሊት ፈረቃ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ለመቆጠር አንድ ነኝ። ጥሩ ዜና አይደለም።

እትዬ ቡራዩ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00

«ጅብ እስኪነክስ ያነክስ» የሚባለውስ ልጄ? እኔ የማየው ሁሉ ያነክሳል። እያስመሰለ ነው?

መምህሩ ከአያት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡40

እትዬ፣ ጥሩ አዩ። አያስመስልም፤ አፈጣጠሩ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ። ጀርባው ቁልቁል ያዘቀዝቃል፤ ሲራመድ የተጎዳ ይመስላል። አንገቱና ትከሻው ደግሞ ጡንቻ ብቻ ናቸው። የበግ ሬሳ በአፉ አንጠልጥሎ ይሮጣል። ተረቱን ያወጣው ሰው በደንብ ያየ ሰው ነው፤ ተንኮሉን ግን ከራሱ ጨምሮበታል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። የነከሰ ወይም የቧጨረ ጅብ ቢያጋጥም፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ መታጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ጅብ የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ከዚያ በፊት ነው። «ነገ እሄዳለሁ» የሚባል ነገር የለም። በቀን የሚንከራተት፣ ሰው የማይፈራ ጅብ ካያችሁ አትጠጉት።

የጣፎዋ፣ ለአንቺ ደግሞ የቤት ሥራ። ግድግዳሽ ላይ የባንክ ካላንደር አይጠፋም። አጥሩ ሥር የሰማሽበትን ሌሊት ምልክት አድርጊበት። እስከ ፋሲካ፣ ከፋሲካም በኋላ። ባልሽም ይፈርምበት።

የጣፎዋ | የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ከምሽቱ 2፡05

እንኳን አደረሳችሁ። የቤት ሥራዬን ይዤ መጥቻለሁ።

ካላንደሩን የያዘው ልጄ ነው። አባቱ ሲክድ «እኔ ሰምቻለሁ» እያለ በቀይ እስኪርቢቶ ኤክስ ያደርጋል። ከሆሳዕና በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ኤክስ አለ። በሕማማት አራት። አንዱን ሌሊት ባሌ ራሱ ነው የቀሰቀሰኝ፤ እሱ ግን እስካሁን «ውሻ ነበር» ይላል። ከፋሲካ ሌሊት ጀምሮ እስከ ትናንት አንድ ብቻ ነው። ድምፃቸው አለ፤ ግን ወደ ወንዙ ማዶ ተመልሷል።

ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ለፋሲካ መንደሩ በሙሉ በግ አረደ። ቆዳ የሚገዛ ጠፍቶ «ቆዳ አለ» የሚለው ሰውዬ እንኳ ዘንድሮ አልመጣም። ቆዳውም፣ ጨጓራውም፣ ራሱም ገደሉ ውስጥ ተጣለ። ሰኞ ጠዋት ሄጄ አየሁ። አንድም ነገር የለም። ፌስታሉ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ተቦጫጭቆ።

ሻይ በሎሚ | ከምሽቱ 2፡09

ባልሽስ ፈረመ?

የጣፎዋ | ከምሽቱ 2፡11

«ምስክር ነኝ እንጂ አጥኚ አይደለሁም» ብሎ እምቢ አለ።

መምህሩ ከአያት | ከምሽቱ 2፡50

ልጅሽን አምጪልኝ፤ ክፍሌ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ግን ለመደምደም አትቸኩዪ። አንድ አጥር፣ አንድ ጾም ነው። በፋሲካ ሰሞን ዝናብም ዘንቧል። በዝናብ ሌሊት እነሱ አጥርሽ ሥር ቢሆኑ እንኳ የቆርቆሮው ጩኸት ያስሰማሻል? ደግሞ ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ትራፊው በሳምንት ሰባት ቀን ይወጣል። ካላንደሩን እስከ ሰኔ አቆዩት። ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ኤክሱ ከጨመረ እንነጋገራለን። ያ ጾም በሥጋ ቤት በኩል የሁዳዴን ያህል አይከብድም፤ ስለዚህ የሚገርም ንጽጽር ይሆናል።

ትራፊውን ግን ከቤት ጀርባ አትጣሉ። ገደሉ ለእናንተ ሩቅ ይመስላል። ለእነሱ ደጃፍ ነው።

ሱሉልታ 44 | ከምሽቱ 3፡15

እኔ አሁንም አልወደውም። ግን የአጥንቱን ነገር ለልጆቼ ነገርኳቸው። ትንሹ ጠመኔ ፍለጋ ሊወጣ ሲል ያዝኩት።

ባለ ሁለት አህያ | ከምሽቱ 4፡20

እንኳን አደረሳችሁ። ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው።

ስሙን አልቀየርኩትም። የሰፈር ሰው አዋጥቶ ለፋሲካ ዋዜማ ውርንጭላ ገዛልኝ። ለጭነት ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ ግን ሁለት ናቸው። በረቱን አፍርሼ ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ጋር አያይዤ ሠራሁት። አሁን ሲያኝኩ ይሰማኛል። ሚስቴ ሽታው ቢያስመርራትም እንቅልፌ ግን ተመልሷል። በሩን ማገር ብቻ አላደረግኩትም፤ ከሥር እስከ ወገብ ቆርቆሮ አለበስኩት።

ትናንት ሌሊት አንዱ መጥቶ ሞክሮታል። መጀመሪያ ሲያሸት ሰማሁት፣ ከዚያ ቆርቆሮው ሲጮህ። ወጥቼ ባትሪ ሳበራ ሄዷል። ጠዋት ልጄ ጣቷን እያስገባች ቆጠረችው። ከሥር በኩል አራት ቀዳዳ ነው፤ ሁለቱ ሰፋ ያሉ፣ ሁለቱ ጠበብ ያሉ። ፎቶውን እልካለሁ። መምህር፣ የትኛው የላይኛው ጥርስ እንደሆነ ንገረኝ፤ ልጄ ጠይቃኛለች።